በወር 14 ፓውንድ እየከፈልኩ ባሕር ዳር ላይ ባዶ ኪስ

ከባሕር ዳር ከተመለስኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው፤ ንዴቴ ግን አልበረደልኝም። ባሕር ዳር ምንም አላጠፋችም። ያናደደኝ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ በየወሩ 14 ፓውንድ የምከፍልበት፣ ድርጅት የሚያስተዳድርልኝ የባንክ ሒሳብ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደመወዝ እንደገባ የቤት ኪራዩን፣ የመብራቱን፣ የማዘጋጃ ቤቱን ክፍያ ለይተው ይይዙና ቀኑ ሲደርስ ራሳቸው ይከፍሉልሃል። የተረፈችው ወደ ካርድህ ትገባለች። ከሦስት ዓመት በፊት ዕዳ አንቆኝ፣ ዳይሬክት ዴቢቱ (ከሒሳቤ በራሱ የሚቆረጠው ክፍያ) ሳይከፈል እየተመለሰ ቅጣት ሲደራረብብኝ የገባሁበት ነው። ያኔ ጠቅሞኛል፣ አልክድም። ኪራይ አንድም ጊዜ አላሳለፉብኝም።

በጥር የእህቴ ልጅ ሰርግ ነበር። "በሬው በእኔ ነው" ብዬ ከሊድስ በስልክ ፎክሬያለሁ። ጥሬ ፓውንድ አልያዝኩም። በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከባንክ በካርድ ማውጣት እንደ ድሮው አያስቆጭም ብዬ ነው። ሐሙስ ዕለት ጊዮርጊስ አካባቢ ካለ ኤቲኤም ካርዴን አስገባሁ፤ እምቢ አለ። ሌላ ባንክ ሄድኩ፤ እሱም እምቢ። አንዷ ሠራተኛ ወጥታ "ጋሼ፣ ማሽኑ ደህና ነው፤ ከካርድዎ ይሆናል" ስትለኝ አላመንኳትም። ጥፋቱን በአገሬ ኔትወርክ ላይ ለመለጠፍ ቸኩዬ ነበር። ይቅር ትበለኝ። ማረፊያዬ ገብቼ መተግበሪያውን ስከፍተው ሒሳቡ ውስጥ 1,180 ፓውንድ አለ፤ ካርዱ ላይ ግን 37።

ለካ "ዓመታዊ የመኪና ኢንሹራንስ" ብለው 640 ፓውንድ ቆልፈውብኛል። መኪናዋን ኅዳር ላይ ሸጫታለሁ! ለኢንሹራንሱ ተናግሬ ለእነሱ ሳልናገር መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ እሺ። ግን ስህተት ሲታረም ስንት ቀን ይፈጃል?

ደወልኩ። የእነሱ ቢሮ ሲከፈት ባሕር ዳር ቀኑ 6 ሰዓት ነው። 25 ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝና የስልኬ ሒሳብ አልቆ መስመሩ ተቋረጠ። ሞልቼ እንደገና ደወልኩ። "ለደኅንነትዎ ሲባል የሚስጥር ቁጥር ልከንልዎታል" አሉኝ። የተላከው ወደ እንግሊዙ ሲሜ ነው፤ እሱን አውጥቼ ፓስፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ የኢትዮ ቴሌኮሙን አስገብቻለሁ። መልሼ ከተትኩት፤ ምንም አልመጣም። ዓርብ ደግሞ የድሮ አድራሻዬን፣ መጨረሻ የገዛሁትን ዕቃ፣ የማላስታውሰውን ሁሉ ጠይቀውኝ በግድ አመኑኝ። "በሦስት የሥራ ቀን ይለቀቃል።" ሰርጉ እሁድ ነው!

እህቴ ገርሟታል። "ብሩ ያንተ አይደለም እንዴ?"

"የእኔ ነው።"

"ታዲያ ማን ከለከለህ?"

"እንዲከለክለኝ የምከፍለው ሰው።"

እሷ ሳቀች፤ እኔን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምንም ሳትል ነጠላዋን አንስታ ወደ እቁቧ ዳኛ ሄደች። የዚያ ሳምንት ዕጣ ከደረሳት ጎረቤቷ ጋር ተራ ተለዋወጠች፤ ቅዳሜ ጠዋት በሬው ተገዛ። ሊድስ ያለ ጓደኛዬ የላከልኝ ገንዘብ በደቂቃዎች ውስጥ እህቴ ሒሳብ ገባ፤ ግን ቅዳሜ ማታ ነው። "እሱን ለሙሽሮቹ ስጣቸው" ብላ አልነካችውም። እሁድ ድንኳን ውስጥ "በሬው የአጎቷ ነው" ተብሎ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁኝ አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። ድርጅቱ ገንዘቡን የለቀቀው በቀጣዩ ሐሙስ ነው፤ ሙሽሮቹ መልስ ተጠርተው ተመልሰዋል።

ሌላው አገልግሎት ሁሉ ደህና ነበር። ማረፊያ ቤቱ ንጹሕ፣ ዓሣው ዱሮ የማውቀው። ባጃጆቹ ውጭ አገር መኖሬን ከጫማዬ ያውቃሉ መሰለኝ፣ ዋጋው በእኔ ላይ ይወጣል። ወደ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የወሰደኝ የጀልባው ልጅ ግን ችግሬን ሲሰማ "ሐሙስ ትሰጠኛለህ፣ ይደርሳል" አለኝ። ስልኬን እንኳ አልጠየቀኝም። የሚስጥር ቁጥርማ ከየት መጥቶ።

እና 14 ፓውንዱ ያዋጣል ወይ? በዓመት 168፣ በሦስት ዓመት 504 ፓውንድ ከፍያለሁ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቆቹ ባንኮች የብድር ታሪኩ ለተበላሸበት ሰው ጭምር ያለ ወርኃዊ ክፍያ መሠረታዊ ሒሳብ ይከፍታሉ። ኦቨርድራፍት (ካለህ በላይ ከባንኩ መበደር) የለውም፤ እሱም ለእንደኔ ዓይነቱ ጥሩ ነው። በስልክ መተግበሪያ የሚሠሩት ባንኮች፣ ሞንዞና ስታርሊንግም፣ የወሩን ክፍያ ለብቻ አስቀምጠህ ከዚያው እንዲከፈል በነፃ ያደርጉልሃል፤ ልዩነቱ ቁልፉ አንተ እጅ መሆኑ ነው። በየወሩ የቅጣት ደብዳቤ ለሚደርሰው ሰው፣ እስኪረጋጋ አንድ ዓመት ቢከፍል አልቃወምም። ከዚያ በላይ አይቆይ። አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የተያዙባችሁን ክፍያዎች አንድ በአንድ አይታችሁ የሞተውን ሰርዙ፤ የሚስጥር ቁጥሩ በየትኛው ስልክ እንደሚመጣ ጠይቁ፤ ከሌላ ባንክ ሁለተኛ ካርድ ያዙ።

እኔ ባለፈው ሰኞ ነፃውን ከፍቼ ያኛውን ዘጋሁ። ራሴ የምከፍለው የመጀመሪያው ኪራይ አምስት ቀን ቀርቶታል። ገንዘቡን ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ጠዋትና ማታ እያየሁት ነው።