ከኋላ የሚቀመጠው ይምረጥ ላለኝ መካኒክ

የድሬ ልጆች እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምጽፈው ምስጋና ነው። ሁለት ወር ሙሉ "ነገ እጽፈዋለሁ" እያልኩ ሳሳድረው ነበር። ትናንት ማታ ባለቤቴ "እስካሁን አልጻፍክም?" ብላ ስታፈጥብኝ ነው የተቀመጥኩት።

ሰውየው የሞተር ሳይክል መካኒክ ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ብሎኛል። "ስም ከወጣ ወረፋ ይበዛል፣ ወረፋ ከበዛ ሥራ ይበላሻል" ነው ያለኝ። ስለዚህ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ መጋላ በኩል፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር የሚሠራው ሰውዬ ብዬ ልለፈው። ዕድሜው ከአባቴ ብዙም አያንስም። የሌላ አገር ሰዎች አትቀየሙኝ፣ አንተ ነው የምለው። ድሬ ነው፤ አንቱ ብለው "ምን አጠፋሁ?" ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ሳቢያን ነው። ባለቤቴ ከዚራ ትሠራለች። እናቷ ደግሞ ሐረር ጀጎል ውስጥ ናቸው፤ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ልጆቹን እህቴ ጋ ትተን እንጠይቃቸዋለን። ባጃጅ፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከዚያ ደግሞ ባጃጅ። ወር ሳይጋመስ ኪሴ ይራገፋል። ሞተር ልግዛ አልኩ።

ችግሩ የባለቤቴ ወገብ ነው። ሁለተኛ ልጃችንን ከወለደች ወዲህ ያማታል። አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ በተዋስኩት ሞተር ሐረር ደርሰን ብንመለስ ሦስት ቀን ቀና ማለት አቃታት። እኔ "መንገዱ ነው" አልኩ። መንገዱ አልነበረም።

ዓይኔ ያረፈው አፓቺ ላይ ነበር። ቀይ አፓቺ። አንድ ደላላ ሁለት ጊዜ አሳይቶኛል፣ ቀብድ ልሰጥ ምንም አልቀረኝም። ጓደኛዬ "ቢያንስ ለእኛ ሰውዬ አሳየው" ብሎ ገፋፋኝ። ለሙከራ ብዬ ነድቼው ሄድኩ። ካንዴላውን ያወጣል፣ ዘይቱን ያያል፣ ድምፁን ያዳምጣል ብዬ ስጠብቅ ሞተሩን አንዴ ዞሮት ቀና አለ።

"ከኋላ የሚቀመጠው ማነው?"

"ባለቤቴ።"

"የታለች?"

"ሥራ ላይ ናት።"

"አቦ፣ የእሷን ጫማ በራስህ እግር ለክተህ ነው እንዴ የምትገዛላት? ነገ ይዘሃት ና።"

ትንሽ ተናደድኩ። እሱም ገባው መሰለኝ ቁልፉን ከእጄ ወሰደና "ና፣ ከኋላ ውጣ" አለኝ። ሞተር መንዳት ከተማርኩ ጀምሮ ከኋላ ተቀምጬ አላውቅም። ወጣሁ። የኋላው መቀመጫ ከፊተኛው ከፍ ብሎ ጠባብ ነው። የእግር ማረፊያው ወደ ላይ የወጣ ስለሆነ ጉልበቴ ወደ ሆዴ መጣ፣ ቁጢጥ ያልኩ መሰለኝ። አስፋልቱ ላይ ደህና ነበርን። ኮብልስቶኑ ላይ ሲገባ ጉዱ መጣ። እያንዳንዷ ድንጋይ ከጭራ አጥንቴ ተነስታ ጥርሴ ላይ ትደርሳለች። እሱ ደግሞ ሆን ብሎ ጉድጓድ ይመርጣል። ፍሬን በያዘ ቁጥር ተንሸራትቼ ጀርባው ላይ እለጠፋለሁ። ስንመለስ ወርጄ ወገቤን ያዝኩ።

ሳቀብኝ። "የሄድነው አሥር ደቂቃ ነው" አለኝ። "ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም ዳገት።"

ሞተሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ብቻውን ለሚነዳ ጥሩ ሞተር እንደሆነ እሱም ነግሮኛል። ከዚያ ዛፉ ሥር ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን ያስረዳኝን ነገር ግን እስካሁን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ነጂው የሚቀመጠው በሁለቱ ጎማዎች መሃል ነው። የኋላው ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ለእሱ የሚደርሰው ግማሹ ነው። ከኋላ ያለው ሰው ግን ጎማው አናት ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሙሉውን ይቀበላል። ነጂው ጉድጓዱን አስቀድሞ ያያል፣ ብድግ ይላል። ከኋላ ያለችው የምታየው የባሏን ጀርባ ነው። ሳትዘጋጅ ትመታለች። እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት ነበር።

በማግስቱ ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። ለሥራ የቀረቡለት ሦስት የተለያዩ ሞተሮች እዚያው ቆመው ስለነበር ባለቤቶቹን አስፈቅዶ አንድ በአንድ አስወጣት። እኔን ከፊት አስቀመጠኝና እሱ ጎንበስ ብሎ የእሷን ጉልበት ያያል። ጉልበቷ ከዳሌዋ በላይ ከወጣ "ውረጂ እህቴ" ይላል። ከዚያ መቀመጫውን በአውራ ጣቱ ይጫናል። እኔ ለስላሳ መቀመጫ ይመቻል ብዬ ነበር የማምነው። ልስልስ ያለ ስፖንጅ መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ግማሽ ሰዓት ስትሄድ ግን ይሟሽሻል፣ ከዚያ የምትቀመጠው ላሜራው ላይ ነው። ጠንከር ብሎ ሰፋ ያለ ይሻላል አለ።

አንደኛው ሞተር አሮጌ ነበር። መቀመጫው ረጅም ስለሆነ ባለቤቴ ወደደችው። እሱ ግን እግር ማረፊያውን እንድናይ ጠራን። ማረፊያው የተበየደው ከሞተሩ ዋና አካል ላይ አይደለም፤ የኋላ ጎማውን ይዞ ከፍ ዝቅ የሚለው ብረት ላይ ነው። መቀመጫውን በሁለት እጁ ሲጫነው ሞላው ታመቀ፣ መቀመጫው ወረደ፣ ማረፊያው ግን ባለበት ቀረ። "ይሄ ጎማው በዘለለ ቁጥር እግሯን አብሮ ያዘልለዋል፣ ከእግሯ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወገቧ" አለ። አንድ ሞተር ሁለት መቶ ጊዜ አይቼ ይሄን አላየሁም።

ሁለተኛው ዲቲ ነበር፣ ያ የግብርና ባለሙያዎች የገጠር ሞተር። ለገጠር መንገድ አንደኛ ነው፣ ግን ከፍታው! ባለቤቴ ለመውጣት የእኔን ትከሻ፣ የእሱን ክንድ እና የእግዚአብሔርን እርዳታ ፈለገች። ጀጎል ውስጥ በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ሰው ጭኖ ቆም ሲሉ እግር መሬት ካልነካ መውደቅ ነው። አለፍነው።

ሦስተኛው ቦክሰር 150 ነበር። እኔ ቦክሰር ስል ትዝ የሚለኝ ጭነት ነው፣ ሙሽራ አይመስለኝም ነበር። መካኒኩ ግን "ኡጋንዳና ኬንያ ቦዳ ቦዳ የሚሉት ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያመላልሰው በዚህ ነው፣ ለምን ይመስልሃል?" አለኝ። መቀመጫው ረጅምና ጠፍጣፋ ነው። ከኋላ የሚያዝ ብረት አለው። እግር ማረፊያው ዝቅ ያለ ነው። በሁለቱም በኩል አሞርዛተር (ንዝረቱን የሚውጠው ባለ ሞላ ዕቃ) አለው፣ የሞላውን ጥንካሬ በደረጃ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ባለቤቴ ወጣች፣ ተደላደለች፣ ሻሿን አስተካከለች። "ይሄ" አለች። አለቀ። የቀይ አፓቺዬ ነገር እዚያው ተቀበረ።

ሳይዙንም የወሰነው እሱ ነው። ባለ 100 ሲሲው ቦክሰር ይረክሳል አልኩት። ለድሬ ውስጥ ይበቃል አለ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ናት፣ ሜዳ ናት። ሐረር ግን 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ በመሃል የደንገጎ ዳገት አለ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። "ዳገቱ በአንድ በኩል፣ ሚስትህ በአንድ በኩል፣ ለአማትህ የያዝከው ዘንቢል በአንድ በኩል" አለ፣ "ባለ 100ው ያለቅሳል።"

ሴቶች ይሄን አንብቡልኝ። ባለቤቴ በሥራ ቀን ቀሚስ ነው የምትለብሰው፣ ቤት ስትሆን ደግሞ እንደ ድሬ ሴት ሁሉ ሽቲ፣ ያ ስስና ሰፊው ቀሚስ። ጎንዮሽ መቀመጥ ልማዷ ነው። ከሕንድ የሚመጡት ሞተሮች በግራ በኩል ኋላ ጎማው ጎን የብረት ከለላ አላቸው። ብዙ ልጆች "ያስጠላል" ብለው ፈተው ይጥሉታል። ለካ የተሠራው ሳሪ ለብሰው ጎንዮሽ ለሚቀመጡ የሕንድ ሴቶች ነው፣ ልብሳቸው ጎማ ውስጥ እንዳይገባ! ከቦምባይ ለድሬ ሽቲ የተላከ ስጦታ ማለት ነው። የገዛሁት ሞተር ላይ የቀድሞው ባለቤት ፈቶት ነበር። መካኒኩ ከአሮጌ ዕቃው መሃል ፈልጎ በሁለት ቡሎን አሰረልኝ። ባለቤቴን ግን አስጠነቀቃት፤ "ጎንዮሽ ለቀፊራ ገበያ። ለሐረር ሱሪ ልበሺና እግርሽን ከፍተሽ ተቀመጪ።"

ሞተሩን የገዛሁት ከሌላ ሰው ነው። መካኒኩ አብሮኝ ሄዶ አየው። ሻጩ ለብቻው ጠርቶ አንድ ነገር ሊያስጨብጠው ሲሞክር በዓይኔ አይቻለሁ። እጁን ወደ ኪሱ ከተተና "አቦ ተወኝ" አለው። ከዚያ ዋጋውን እኔ ፊት አስቀነሰው፣ ምክንያቱም የኋላ አሞርዛተሩ አንዱ ዘይት ያፈስ ነበር። ጣቱን አስነክቶ አሳየኝ፣ ጥቁር ቅባት።

ከገዛሁ በኋላ ሁለት ቀን ሠራበት። አሞርዛተሮቹን ጥንድ አድርጎ ቀየረ። "አንዱን ብቻ ከቀየርክ በኩርፊያ ነው የሚሄዱት" ይላል። የኋላውን ብረት አውጥቶ በምትኩ ትንሽ ፖርቶ መጋላ ገጠመ፣ ባለቤቴ ጀርባዋን የምታስደግፍበት ትራስ ያለው። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ የተሰበረውን የሙቀት መከላከያ ተካ፤ በድሬ ሙቀት ላይ የማርሚታ ቃጠሎ ተጨምሮ አይቻልም። መቀመጫውን ደግሞ የሚያውቀው የመቀመጫ ልብስ ሰፊ ጋ ልኮኝ ስፖንጁን አስቀየርኩ። ጥቁሩን ሽፋን በነጣ ጨርቅ አስለበስነው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ የመታው ጥቁር መቀመጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

እኔን ደግሞ አስተማረኝ። ሰው ስትጭን የኋላውን ጎማ ንፋስ ጨምር። ሞላውን ሁለት ደረጃ አጥብቅ፣ ካልሆነ ኋላው ይቀመጥና መብራትህ ሰማይ ያያል፤ ማታ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሁሉ ታሳውራለህ። የካቴናውን ውጥረት ሰው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ለካው። ከደንገጎ ስትወርድ ማርሽ ቀንስና ሞተሩ ራሱ ይያዝህ፣ ፍሬን ላይ ተኝተህ አትውረድ፣ ይግልና ይከዳሃል። ከሁሉም ያስቀኝ ይሄ ነው፦ "ማርሽ ስትቀይር የእሷ ሄልሜት ከአንተ ሄልሜት ጋር ከተጋጨ ጥፋቱ የአንተ ነው።" መጀመሪያ ቀን ከሳቢያን ከዚራ እስክንደርስ አሥራ አንድ ጊዜ ተጋጨን። ባለቤቴ ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር።

ባለፈው እሁድ ሐረር ሄድን። ደንገጎ አናት ላይ ቆመን ነፋሱን ተቀበልን፣ ሐረማያን አለፍን፣ አወዳይ ላይ የጫት መኪኖች መሃል እንደ ምንም ሾለክን፣ በሸዋ በር ገባን። አማቴ በር ላይ ሆነው ልጃቸው ስትወርድ ጠበቁ። ቀጥ ብላ ወረደች። ቀጥ ብላ! ሄልሜቷን አውልቃ መጀመሪያ ያለችው "ስንት ተጋጨን?" ነው። ሁለት ብቻ።

ዋጋውን እንዳትጠይቁኝ ቀድሜ ልናገር። ለምርመራው፣ አብሮኝ ለመሄዱና ለሁለት ቀን ሥራው 1,500 ብር ነው የተቀበለኝ፣ ዕቃው ለብቻው በደረሰኝ። ልጨምርለት ብል "ለባለቤትህ ጓንት ግዛበት" አለኝ። ጉድለት የለውም አልልም። ቀጠሮ ላይ ያንቀላፋል፤ "ነገ ጠዋት" ካለ ከነገ ወዲያ በሉት። ስልክም አያነሳም፣ እጁ ዘይት ነው። ቢሆንም ሰው የሚጭን፣ ሚስቱን፣ እናቱን፣ እህቱን የሚያመላልስ ሰው ሞተር ከመግዛቱ በፊት እሱ ጋ ይሂድ። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ከስድስት ሰዓት በፊት ሂዱ፣ ከዚያ በኋላ ዘግቶ ይተኛል፣ አሥር ሰዓት ነው የሚመለሰው። ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ሳትይዙ እንዳትሄዱ፣ ይመልሳችኋል።

አንድ ነገር ረስቼ፦ የሞላው ማጥበቂያ ቁልፌ እሱ ጋ ቀርቷል። ማናችሁም ከሄዳችሁ "የሳቢያኑ ቦክሰር" በሉትና ይዛችሁልኝ ኑ።