ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ጋጣ

ለንደን ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ዋይትሆል በሚባለው ጎዳና ባለፍኩ ቁጥር በር ላይ የሚቆሙትን ሁለት ፈረሰኞች ሳላይ አልፌ አላውቅም። የአዊ ልጅ ነኝ። አባቴ እስካሁን ጥር 23 ሲደርስ ፈረሱን ሸልሞ ለፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ይሄዳል። ከፈረሰኞቹ ጀርባ፣ ሆርስ ጋርድስ በሚባለው ሕንፃ ውስጥ፣ ሙዚየም እንዳለ የሰማሁት ግን በቅርቡ ነው። ወዲያው የስምንት ዓመቷን የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ።

ሙዚየሙ ሀውስሆልድ ካቫልሪ ይባላል፤ የንጉሡ ክብር ዘብ ፈረሰኞች ማለት ነው። በ1661 ያቋቋማቸው ዳግማዊ ቻርልስ ነው። ቀይ ለባሾቹ፣ ከራስ ቁራቸው ነጭ ጭራ የሚወርደው፣ ላይፍ ጋርድስ ናቸው። ሰማያዊ ለባሾቹ፣ ባለ ቀይ ጭራዎቹ፣ ብሉስ ኤንድ ሮያልስ ይባላሉ። ለሰልፍ ብቻ የተቀመጡ እንዳይመስላችሁ፤ ከሰልፉ ሌላ በብረት ለበስ ተሽከርካሪ የሚዘምቱ ወታደሮች ናቸው።

ሙዚየሙ ያረፈው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራ የፈረስ ጋጣ ውስጥ ነው። ጋጣው ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ እኛንና ፈረሶቹን የሚለየን መስታወት ብቻ ነው። እኔ ሌላውን ሁሉ ትቼ እዚያ ቆምኩ። አንድ ገና ፂም ያላወጣ ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ አንዱን ጥቁር ፈረስ እያሸ ያፀዳል። ከአንገት ጀምሮ ወደ ታች፣ ፀጉሩን ተከትሎ። ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ እግሩን አነሳና የሰኮናውን ውስጥ መፋቅ ጀመረ። ፈረሱም ጆሮውን ወደ ጎን ጣል አድርጎ ክብደቱን ልጁ ትከሻ ላይ ለቀቀው። ይሄን የሚያደርግ ፈረስ ሰውየውን አምኖታል። ውጭ ስናየው የሚያብረቀርቀው ነገር ሁሉ ከዚህ እንደሚጀምር እዚህ ቆማችሁ ታያላችሁ።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ልቤን የሳበው ነጋሪት ነው። ሁለት የብር ነጋሪቶች ናቸው፤ ንጉሥ አራተኛው ዊሊያም በ1831 የሰጣቸው። መቺው ሁለት እጁ በነጋሪቱ ስለሚያዝ ፈረሱን የሚመራው በእግሩ ነው፤ ዛቡ ከእግሩ ጋር ይያያዛል። ለእህቴ ልጅ ይሄን ሳስረዳት አላመነችኝም፤ ሥዕሉን አሳየኋት። እሷ የወደደችው የራስ ቁርና ጥሩር እየለበሱ መሞከሩን ነው። ቁሩ አፍንጫዋ ድረስ ወረደ። «አጎቴ፣ ይሄን አድርገው እንዴት ዝም ብለው ይቆማሉ?» አለችኝ። በዋተርሉ ጦርነት እግሩን ያጣው ጄኔራል ሰው ሠራሽ እግርም እዚያው ተቀምጧል።

ሴፍተን የሚባለውን ፈረስ ታሪክ ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሐምሌ 1982፣ በፈረንጆቹ፣ ፈረሰኞቹ ተረኛ ዘብ ሊቀይሩ ከሰፈራቸው ወጥተው ሀይድ ፓርክ ላይ አይአርኤ የተባለው የአየርላንድ ታጣቂ ቡድን ቦምብ ፈነዳባቸው። አራት ወታደሮች ሞቱ። ሰባት ፈረሶች አለቁ። የ19 ዓመቱ ሴፍተን 34 ቦታ ቆስሎ፣ የአንገቱ ደም ሥር ተበጥሶ፣ ስምንት ሰዓት በፈጀ ቀዶ ሕክምና ተረፈ። ተመልሶም ሥራ ጀመረ። በ1993 ነው የሞተው። እኛ አገር አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እያልን ጌታውን በፈረሱ ስም እንጠራለን። ለንደን ላይ አንድ ፈረስ በራሱ ስም ሲታወስ ሳይ እንባዬ መጣ። የእህቴ ልጅ ዝም ብላ እጄን ያዘችኝ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ሰዓቱን አስተካክሉ። የዘብ ቅይይሩ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 11፡00 ነው፤ እሁድ ግን 10፡00። እሱን አይታችሁ ግቡ፤ ለሙዚየሙ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። መግቢያው ይከፈልበታል፤ ውጭ ያለው ሥነ ሥርዓት ግን ነፃ ነው። ፈረሶቹን ለመንካት አትቸኩሉ፤ እንደሚራገጡና እንደሚናከሱ በግልጽ ተጽፏል። ከቻላችሁ በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 4፡00 ድረስ ቆዩ። በ1894 ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያ ሰዓት ድንገት ብትደርስ ዘቦቹን ሲጠጡና ቁማር ሲጫወቱ አገኘቻቸው ይባላል። ለ100 ዓመት በየቀኑ 4፡00 ላይ እንዲፈተሹ አዘዘች። መቶው ዓመት ካለፈ ቆየ፤ እነሱ ግን ዛሬም ይሰለፋሉ።

እኛም እስከዚያ ቆየን። ከሰልፉ በፊት አባቴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩና በር ላይ የቆመውን ጥቁር ፈረስ አሳየሁት። የፈረሰኛውን ወርቅና ብር አላየውም። «ካሜራውን ዝቅ አድርገው እስቲ፣ እግሩን ልየው» አለኝ። ዝቅ አደረግሁት። ብዙ ቆይቶ «ይዘውታል፤ በደንብ ይዘውታል» አለ።