ራማን ልግዛ ወይስ ኤክስ አር ኤፍ? ለኦፓል ነጋዴና ለአፈር መርማሪ

ራማንና ኤክስ አር ኤፍ አንድ ነገር ከምን እንደተሠራ የሚመረምሩ መሣሪያዎች ናቸው። ደሴ ላይ ከደላንታ የሚመጣ ኦፓል (የጌጥ ድንጋይ) የምትነግዱ ከሆነ ራማን ይሻላችኋል። ኮምቦልቻ ዙሪያ አፈር የምትመረምሩ ከሆነ ደግሞ ኤክስ አር ኤፍ። ሁለቱም በእጅ የሚያዙ ዓይነቶች አሏቸው። ዋጋቸው አብዛኛውን ጊዜ በአስር ሺዎች ዶላር ስለሚቆጠር ግን ምክንያቱን ሳያውቁ መግዛት አያዋጣም።

ኤክስ አር ኤፍ ናሙናው ላይ ኤክስሬይ ይለቅና ከውስጡ የሚወጣውን ፍሎረሰንስ (ናሙናው ተመትቶ መልሶ የሚያወጣውን ጨረር) ያነባል። የሚነግራችሁ ንጥረ ነገሩን ነው፤ ብረት ይህን ያህል፣ ካልሲየም ይህን ያህል እያለ። ራማን ግን በሌዘር አብርቶ አተሞቹ እንዴት እንደተያያዙ ያሳያል። ካልሳይትና አራጎናይት ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። ኤክስ አር ኤፍ አይለያቸውም፣ ራማን ይለያቸዋል።

ኦፓል ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ኦፓል፣ ኳርትዝና ተራ ብርጭቆ በዋናነት ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ) ስለሆኑ የንጥረ ነገር ቁጥር ብቻውን ብዙ አይረዳም። በዚያ ላይ የወሎ ኦፓል ፈሳሽ ይመጥጣል። ፈሳሽ ውስጥ እየነከሩ መፈተን ድንጋዩን ሊያበላሸው ይችላል፤ ራማን ግን በብርሃን ብቻ ይሠራል።

ሻጮች ብዙም የማያነሱት ነገር አለ፦ መሣሪያው ከየት እስከ የት ያነባል? የወሎ ኦፓል ሰፊ ምልክት በሞገድ ቁጥር (የራማን ምልክቶች በሚደረደሩበት መለኪያ) 335 አካባቢ ነው። ከ400 የሚጀምር መሣሪያ ይህን አያየውም። በጭስ የጠቆረ ድንጋይ የካርቦን መስመሮቹን 1350 እና 1590 አካባቢ ያሳያል። ፕላስቲክ የተሞላበት ደግሞ የሚጋለጠው 2900 አካባቢ ነው። 2000 ላይ የሚቆም መሣሪያ ከገዛችሁ ፕላስቲኩ በዚህ በኩል ያመልጣችኋል። እኔ ብሆን ከ200 በታች ጀምሮ ከ3000 የሚያልፍ ካልሆነ አልገዛም።

ከሁሉም በፊት ግን 254 እና 365 ናኖሜትር ያለው የአልትራቫዮሌት መብራት ግዙ። ዋጋው ከእነዚህ ጋር አይወዳደርም። የተጣበቀ ድንጋይ ሙጫው ብዙ ጊዜ ለብቻው ያበራል። ማስረጃ ባይሆንም ጥርጣሬ ያስነሳል።

አፈር ሌላ ጣጣ አለው። የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ በሌዘር ሲመታ ራሱ ፍሎረሰንስ ያወጣል። ይህ ብርሃን ደካማውን የራማን ምልክት ይውጠዋል። 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር ለንጹሕ ማዕድን ጥሩ ነው፣ ለአፈር ግን ችግሩን ያባብሳል። 785 መካከለኛ ነው። 1064 ፍሎረሰንሱን በደንብ ይቀንሳል፣ ግን ምልክቱ ከ532ቱ በ16 እጥፍ ይደክማል፣ መቀበያውም ውድ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ ሌዘሩን ውጦ ይሞቃል። ለዚህ ነው አፈር ላይ ወደ ኤክስ አር ኤፍ የማደላው፤ እርሳስ፣ ዚንክና ብረት በደቂቃዎች ያወጣል። ናሙናው ደርቆና ተፈጭቶ፣ በስስ ፕላስቲክ በተሸፈነ ኩባያ ይቀመጥ። አለዚያ አንድ ጠጠር የመሣሪያውን ስስ መስኮት ይቀደዋል። የጨረር ፈቃድም ቀድማችሁ ጨርሱ።

ጥያቄያችሁ «ስንት ማዳበሪያ ልጨምር?» ከሆነ ግን ሁለቱንም አትግዙ። ኤክስ አር ኤፍ ናይትሮጅንን አያይም። ፎስፈረስንም ቢያይ ጠቅላላውን እንጂ ሰብሉ የሚያገኘውን አይነግርም። ናሙናውን በኬሚካል ወደሚሠራ የአፈር ላቦራቶሪ ላኩ፣ ወጪው ይቀንሳል።

ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ሻጩ የራሳችሁን ናሙና ይፈትን። የምታምኑትን አንድ ኦፓል፣ በጭስ መጥቆሩን የምታውቁትን ሌላ፣ ከእርሻ የተነሳ አንድ ኩባያ አፈር ስጡት። በራሱ ንጹሕ ኳርትዝ የሚያሳያችሁ ግራፍ ለማንም ያምራል። ሲበላሽ ወዴት እንደሚላክና ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍልም በጽሑፍ ተቀበሉ።