የሰው ስናፕ-25 ፕሮቲን፦ ከደብረ ማርቆስ ቤተ ሙከራ የተሰጠ አስተያየት

ስናፕ-25 የነርቭ ሕዋስ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ከሕዋሱ ሽፋን ጋር እንዲዋሐዱ ከሚያደርጉት ሦስት ዋና ፕሮቲኖች አንዱ ነው፤ ሁለቱ ሲንታክሲንና ሲናፕቶብሬቪን ናቸው። የገዛነው በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የተመረተ፣ ለማጣሪያ የሂስቲዲን ጭራ የተቀጠለበት 50 ማይክሮግራም ደረቅ ዱቄት ነው።

ዕቃው ከአዲስ አበባ ተጭኖ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ሲወጣ የሣጥኑ በረዶ ቀልጦ ነበር፤ ፕሮቲኑ ደርቆ ባይላክ ኖሮ ያን ሙቀት ይችል ነበር ብዬ አላምንም። ለጎጃም መንገድ ከፈሳሹ ይልቅ ደረቁ ይመረጣል። ብልቃጡን ወደ መስኮት አንሥተን ስናየው ባዶ ይመስል ነበር፤ ዱቄቱ ክዳኑ ሥር እንደ ስስ ብናኝ ተለጥፎ ስለነበር፣ ሳንከፍት በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ወደ ታች አወረድነው።

ጥራቱን የፈተንነው ከሁለቱ አጋሮቹ ጋር በማዋሐድ ነው። ሦስቱ በትክክል ሲጠማዘዙ የሚሠሩትን ጥምረት ኤስዲኤስ (ፕሮቲኖችን የሚፈታ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ብቻውን አይፈታውም፣ ሙቀት ይፈልጋል። ሌሊቱን በቅዝቃዜ ካሳደርናቸው በኋላ ግማሹን ሳናሞቅ፣ ግማሹን በ95 ዲግሪ አሙቀን ፕሮቲኖችን በክብደታቸው በሚለይ ጄል ላይ ጫንን፤ ያልሞቀው ከፍ ብሎ አንድ ወፍራም ባንድ ሠራ፣ የሞቀው ለሦስት ተለያይቶ ወረደ፤ ስናፕ-25ም ከነጭራው ከ25 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ጥቂት ከፍ ብሎ ታየ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ በመሆኗ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ጥምረቱ የሚፈታውም ከዚያ ብዙ በማይርቅ ሙቀት ስለሆነ፣ ለእርግጠኝነት የፈላ ውኃ ትተን ደረቅ ማሞቂያ ተጠቀምን። ለደጋ ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ይህንኑ እመክራለሁ።

ያሳዘነኝ የአጠቃቀም ወረቀቱ ነው። ስናፕ-25 ካሉት 206 አሚኖ አሲዶች መካከል መሐል ላይ የተሰበሰቡ አራት ሲስቴይኖች አሉ፤ በሕዋስ ውስጥ የስብ አሲድ ተያይዞባቸው ፕሮቲኑን ከሽፋኑ ጋር ያጣብቁታል። ባክቴሪያ ይህን አያደርግም፤ ስለዚህ የተገዛው ፕሮቲን ብቻውን ሽፋን ላይ አይቀመጥም፣ ወደዚያ የሚያደርሰው ሲንታክሲን ነው። ዲቲቲ (ሲስቴይኖች እንዳይያያዙ የሚከላከል ኬሚካል) ካልተጨመረም እነዚያው ሲስቴይኖች እርስ በርስ ሊያያዙ ይችላሉ። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ዕቃ ወረቀት ስለ ሁለቱም ዝም ማለቱ ተገቢ አይደለም።

እኛ አሟሙተን በአምስት አምስት ማይክሮግራም ለአሥር ቱቦ ከፍለን በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀመጥነው፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ አንዱን ብልቃጥ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ማበላሸት ነውና። ከሦስት ወር በኋላ የከፈትነው ቱቦ እንደ መጀመሪያው ቀን ሙሉውን ጥምረት ሠርቷል፤ ስለዚህም ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይህንኑ ደግመን አዝዘናል።