የድሮ የቴሌግራፍ ስኒ ለምትገዙ፦ 42ቷ፣ የንብ ቀፎዋ ወይስ ወይን ጠጇ?

ደሴ ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ መስኮቴ ላይ የደረደርኳቸውን ብርጭቆዎች አይቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኛል። የቴሌግራፍ ስኒ ነው። የመብራት ፖል ላይ ያለችውን ነጭ ስኒ ታውቋት የለ፣ የእሷ ታላቅ እህት በሏት። ድሮ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ ጎን የተዘረጋውን ሽቦ ተሸክማ፣ ዝናብ ሲጥል ኤሌክትሪኩ በእርጥቡ እንጨት በኩል ወደ መሬት እንዳያመልጥ ትይዝ ነበር። የእኛ የድሮ ባቡር ከጅቡቲ በድሬዳዋ አዲስ አበባ ነው፣ ወሎን አልነካም፤ የኮምቦልቻው ሐዲድ ደግሞ አዲስ ነው። ስለዚህ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ማስያዝ ነው ያለው። ሻንጣ ውስጥ ቦታ ውድ ስለሆነ መርጣችሁ እዘዙ።

ለጀማሪ ሄሚንግሬይ የሚባለው ፋብሪካ የሠራትን 42 ቁጥር እመክራለሁ። ሰብሳቢዎች ቅርጿን ሲዲ 154 ይሏታል፣ ስትፈልጉ በዚህ ቁጥር ፈልጉ። ኢንዲያና ውስጥ መንሲ በምትባል ከተማ በብዛት ስለተሠራች ርካሽ ናት። የብዙዎቹን ከንፈር ከታች ብትዳስሱት ጎርበጥ ጎርበጥ ያሉ ነጥቦች ታገኛላችሁ፤ ውሃው እዚያ ላይ ተጠራቅሞ ቶሎ እንዲንጠባጠብ ነው፣ ፓተንቱ የ1893 ነው (በፈረንጆቹ)። እንደ ውሃ ሰማያዊ የሆነችውን ቀለም ከሌላት አስበልጡ፣ ደሴ ጉም ገፎ ፀሐይ ሲወጣ በብርሃኑ የምታምረው እሷ ናት።

ብሩክፊልድ ግን የእኔ ነፍስ ናት። ብሩክፊልድ የሚባል የኒውዮርክ ኩባንያ ሥራ ናት፣ የንብ ቀፎ የምትመስለው ሲዲ 145 ትባላለች፣ ብዙ ጊዜ «ቢ» የሚል ፊደል ብቻ አለባት። ብርጭቆው ንጹሕ አይደለም፦ የአየር አረፋ አለው፣ አንዳንዴም ማር የመሰለ መስመር ያልፍበታል። ጉድለት ነው የሚል አለ፤ እኔ ግን የሠሪውን እጅ የማየው እዚያ ውስጥ ነው። በአንዳንድ የብሩክፊልድ ስኒዎች አናት ላይ የኩባንያው ቢሮ የመንገድ አድራሻ ሳይቀር ተጽፏል።

የካናዲያን ፓሲፊክ ባቡር ስም ያለባት ሲዲ 143 ደግሞ በወይን ጠጅ ቀለሟ ትታወቃለች። ቀለሙ የሚመጣው ብርጭቆውን ለማንጣት ከጨመሩት ማንጋኒዝ ከሚባል ማዕድን ነው፣ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። ቆንጆ ናት፣ ግን ጥንቃቄ ትፈልጋለች፤ ቀለሙን በጨረር አጥቁረው በውድ የሚሸጡ አሉ። በጣም የጠቆረች፣ ብርሃን የማታሳልፍ ከሆነች ተዉት። ፈዘዝ ያለችዋን ውሰዱ፣ የባቡር ስም ያለባትን ለሚፈልግ ከሦስቱ ትክክለኛዋ እሷ ናት።

የትኛዋንም ስትገዙ የከንፈሯን ፎቶ ከታች በኩል አስልኩ። ሽራፊ የሚደበቀው እዚያ ነው። ለመስኮት ከሆነ ትንሽ ሽራፊ አያስጨንቅም፣ ዋጋው ግን በጣም መውረድ አለበት። አናቷ ላይ ስንጥቅ ካለ በነፃም አትቀበሉ። ፖል ላይ ካለው ደግሞ ማንም እንዳያወርድ፣ የሕዝብ ንብረት ነው።

አንዷ ብሩክፊልዴ ኮምቦልቻ ኤርፖርት የደረሰችው ለሁለት ተከፍላ ነው፣ ከጫማ ጋር ልቅ ተደርጋ ስለተከተተች። አሁን ለሚያመጣልኝ ሰው የምነግረው አንድ ነው፦ ሆዷ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቅ፣ ካልሲ አልብሳት፣ ከዚያ ሻንጣው መሃል ልብስ ውስጥ ቅበራት።