ዝግ ሄድፎን ላይ ሰፊ ድምፅ ፍለጋ፦ ሦስት ሞክሬ አንዱን አስቀረሁ

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የፈለግኩት ክፍት ሄድፎን ነበር። ሰፊ ድምፅ የሚወድ ሰው ጀርባው ክፍት የሆነውን ይግዛ ይባላል፣ ውሸትም አይደለም። ግን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ማታ ማታ ድምፅ ኤዲት ሳደርግ እህቴ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች። ጠዋት ደግሞ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ከታች ያለው ግንባታ ይጀምራል፣ ብረት ይቆረጣል፣ ሲሚንቶ ማቡኪያው ይጮሃል። ክፍት ሄድፎን ካደረግኩ እኔ የምሰማውን እሷ ትሰማለች፣ ማሽኑ የሚለውን ደግሞ እኔ እሰማለሁ። ስለዚህ ዝግ ሆነ።

ከዝግ ሄድፎን ጋር ግን የቆየ ቂም ነበረኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ነበር፣ ካርቶኑ ላይ ቤዝ ቤዝ ተብሎ ተጽፎበታል፣ ልጁም «ሲኒማ ውስጥ ያለህ ነው የሚመስልህ» ብሎ ሸጠልኝ። የመጀመሪያው ቀን እውነትም ሲኒማ መሰለኝ። ቤዙ ደረት ይነካል፣ ጸናጽሉ ያብረቀርቃል፣ ሁሉም ነገር ሩቅና ትልቅ ነው። በሳምንቱ ነው የነቃሁት። ዘፋኙ የለም! ማለቴ አለ፣ ግን ጎረቤት ቤት ሆኖ የሚዘፍን ነው የሚመስለው። ለካ ያ ሄድፎን የሰው ድምፅና ክራር የሚኖሩበትን መሃለኛውን ክፍል ቀንሶ ከላይና ከታች (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ) ብቻ ከፍ አድርጎ ነው «ሰፊ» የመሰለው። ሳሎኑ ሰፊ እንዲመስል ሶፋውን አውጥቶ እንደመጣል በሉት።

ከዚያ በኋላ ሰፊ ነው ሲሉኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዓይኔን ጨፍኜ እያንዳንዱ መሣሪያ የት እንዳለ በጣቴ ማሳየት እችላለሁ? ካልቻልኩ ሰፊ ሳይሆን የተበተነ ነው። ሁለቱን ለይቶ አለማየት ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያስበላው።

ዝግ ሄድፎን ለምን እንደሚያፍን በአጭሩ ልንገራችሁ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ስፒከር ድምፅ የምትገፋው ወደ ጆሮ ብቻ አይደለም፣ ወደ ኋላም ትገፋለች። ክፍት ሲሆን የኋላው ወጥቶ ይሄዳል፣ አይመለስም። ዝግ ሲሆን ግን የጀርባውን ፕላስቲክ መትቶ ተመልሶ ከፊተኛው ጋር ይደባለቃል። ባዶ በርሜል ውስጥ አንገት አስገብቶ እንደማውራት ነው። ጥሩ ዝግ ሄድፎን የሚሠራ ሰው ልፋቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፦ የኋላውን ድምፅ በስፖንጅና በጨርቅ መዋጥ፣ ወይ በጣም በትንሽ ቀዳዳ ማስተንፈስ፣ ስፒከሯን ደግሞ ከጆሮ ራቅ ማድረግ።

ሦስቱን እንዴት አገኘኋቸው? ሁለቱን ትንሽ ስቱዲዮ ያለው ጓደኛዬ አዋሰኝ፣ ሦስተኛውን ዘመድ ከዋሽንግተን ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ሶኒ ኤምዲአር 7506፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም50ኤክስ፣ እና የጀርመኑ በየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ባለ 80 ኦሙ (ኦም ሄድፎኑ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው)። ሦስቱም ባለ ገመድ ናቸው። ብሉቱዝ ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ ኤዲት ስታደርጉ ድምፁ ከምስሉ ዘግይቶ ሲመጣ ያሳብዳል፣ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሞላ ነገር መጨመር አልፈለግኩም።

ለሙከራ የተጠቀምኩት የታወቀ ዘፈን ሳይሆን እኛው ራሳችን የቀዳነውን ነው። ምክንያቱም ማን የት እንደተቀመጠ አውቃለሁ። ክራሩ በግራ፣ ማሲንቆው በቀኝ፣ ከበሮው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ያህል፣ ዋሽንቱ መሃል። የማሲንቆ ተጫዋቹ ወንበር ይንቋቋ እንደነበርም ትዝ ይለኛል። እንዲህ ያለ ቅጂ ካላችሁ፣ በስልክ የተቀዳ የሠርግ ጭፈራ ሳይሆን ደህና ማይክ ያለው፣ ከማንኛውም የሙከራ ፋይል ይበልጣል። ሌላው ነገር የሰው ንግግር ነው። አማርኛ ለዚህ የተፈጠረ ቋንቋ ነው፣ አትሳቁ! ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ በጉሮሮ ተይዘው ጠብ የሚሉ ድምፆች ናቸው። ሰነፍ ሄድፎን ጠርዛቸውን ያለሰልሰዋል፣ «ጣለ» እና «ታለ» ሊቀራረቡ ምንም አይቀራቸውም። ሰ እና ሸ ደግሞ ከላይ የበዛበትን ሄድፎን ወዲያው ያጋልጣሉ፣ እንደ ምላጭ ነው የሚሆኑት።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ስታወዳድሩ የሁሉንም ድምፅ መጠን እኩል አድርጉ። ትንሽ እንኳ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ሱቅ ውስጥ የሚያሞኙን በዚህ ነው፣ ልጁ ሊሸጥ የፈለገውን ሲያሰማችሁ ቮልዩሙን ጠቅ ያደርገዋል።

ሶኒውን ልጀምር። ይሄ ዕቃ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙም ሳይለወጥ እየተሸጠ ነው፣ ሬዲዮ ጣቢያና ፊልም ቀረጻ ላይ ገመዱ የተጠማዘዘውን፣ ሰማያዊ ምልክት ያለበትን ሄድፎን አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው። ቀላል ነው፣ አሜሪካ 100 ዶላር አካባቢ ይሸጣል፣ የ63 ኦም ስለሆነ ከላፕቶፕም ይሠራል። ንግግር ላይ ጨካኝ ነው። የምራቅ ድምፅ፣ የወረቀት ኮሽታ፣ የማሲንቆው ወንበር፣ ምንም አያልፈውም። ጸ ጸ ናት። ሰፊ ነው ወይ? አይደለም። ሁሉም ሰው ግንባሬ ላይ ተሰልፎ የሚጫወት ነው የሚመስለው፣ ትከሻ ለትከሻ። የጆሮ ትራሱ ስስ ስለሆነ ጆሮዬ ስፒከሩ ላይ ይነካል፣ እኔ ለዚህ ይመስለኛል እንዲህ የሚጠብበው። የፖድካስት ሥራ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ግን ከዚህ በላይ አታንብቡ፣ እሱን ግዙ።

ኤም50ኤክሱ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ነው፣ ባለ 45 ሚሊ ሜትር ስፒከር፣ 38 ኦም። ስልክ ላይ ብትሰኩትም ይጮሃል። ገመዱ ይነቀላል፣ ሦስት ዓይነት ገመድ አብሮ ይመጣል፣ ይታጠፋል፣ የውጭ ድምፅም ደህና አድርጎ ይከለክላል። ሚኒባስ ውስጥ አድርጌው ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ አልሰማሁትም፣ ትከሻዬን ነክቶ ነው የተቀበለኝ። ከበሮ በዚህ ሄድፎን መስማት ደስ ይላል፣ ቆዳው ሲመታ ሆድ ውስጥ ይገባል። ግን ከበሮው ጎበዝ ሲሆን ጎረቤቶቹን ይጫናል። ከኋላ ያስቀመጥነው ሰውዬ ወደ ፊት መጥቶ ማሲንቆው ጭን ላይ ቁጭ አለ። ለመንገድና ለደስታ እሺ፣ ማን የት እንዳለ ለማወቅ ግን አልሆነልኝም። አስመሳይ ቆዳው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያልባል።

ሦስተኛው ነው የቀረው፣ የቀረውም እኔው ጋ ነው።

ዲቲ 770 ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ ዘር ነው፣ ፕሮ የሚባለው ጀርመን አገር ሃይልብሮን በምትባል ከተማ ነው የሚሠራው። ከሳጥኑ ሳወጣው አስቀያሚ ነው ብዬ ነበር፣ ትልልቅ ክብ ጥቁር ጽዋዎች፣ ግራጫ የከፋይ ትራስ፣ የአያቴ ወንበር ልብስ ነው የሚመስለው። አድርጌው ዋሽንቱ ሲጀምር ግን ጆሮ ማዳመጫውን አውልቄ ክፍሉን ዞር ብዬ አየሁት። ድምፁ ከላፕቶፑ ስፒከር የወጣ መስሎኝ! ዋሽንቱ ከፊቴ ነው፣ ግንባሬ ውስጥ አይደለም። ክራሩ ከግራ ጆሮዬ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ማሲንቆው በቀኝ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ባዶ ቦታ አለ። ያ ባዶ ቦታ ነው የምከፍልበት። ሶኒው ላይ ሁሉም ይሰማል ግን መካከላቸው አየር የለም፣ ኤም50ኤክሱ ላይ አየሩን ቤዙ ሞልቶታል፣ እዚህ ግን ከበሮው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እንዳለ ቀረ።

ምክንያቱ ምትሃት አይደለም። ትራሱ ጥልቅ ነው፣ ጆሮዬ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ምንም አይነካም። ከፋዩ ደግሞ እንደ ቆዳ ድምፅ መልሶ አያንጸባርቅም፣ ሦስት ሰዓት አድርጌውም አላላበኝም።

አሁን ሐሜቱ። ከላይ ይበዛበታል። ወደ 8 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ጉብታ አለው፣ ሰ የሚበዛበት ተናጋሪ ሲገጥማችሁ ጆሮ ይቆረጥማል፣ ጸናጽል ካለማ ተዉት። ከስፋቱ የተወሰነውም ከዚህ ብልጭታ የመጣ ነው፣ ያንን አልክድም፣ ያ ያማረርኩበት የድሮ ሄድፎን የሚሠራው ዓይነት ማታለል ትንሽ እዚህም አለ። ልዩነቱ መሃለኛው ክፍል አልተሰረቀም። እኔ በኢኩዋላይዘር (የድምፁን ክፍሎች ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው) እዚያችው ቦታ ላይ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ቀንሼ ነው የምሠራው፣ ስቀንሰው ስፋቱ ትንሽ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ያኔ ነው እኔው ጋ እንዲቀር የወሰንኩት።

ገመዱ አይነቀልም። 3 ሜትር ነው፣ እንደ ጅራት ተከትሎኝ ይሄዳል፣ የወንበሬ ጎማ ሁለት ጊዜ ወጥቶበታል። በዚህ ዘመን ይሄን ያህል የተከበረ ዕቃ የሚነቀል ገመድ አለመስጠቱ ያናድዳል። ትራሱን ጨምሮ ሌላው ክፍሉ ግን እየተፈታ ይቀየራል፣ ቢያረጅ መለዋወጫው ይገኛል።

ስለ ኦሙ ተጠንቀቁ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ይሄው ሄድፎን በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይመጣል። ቁጥሩ ሲበዛ ጥራቱ የሚበዛ መስሎት 250ውን አስመጥቶ ስልኩ ላይ ሰክቶ «ተበላሽቶ መጣ» የሚል ሰው አውቃለሁ። አልተበላሸም። በእኩል ቮልቴጅ 250ው ከ32ቱ ወደ ስምንት እጥፍ ያነሰ ኃይል ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ በስልክ ይንሾካሾካል። ለስልክ ብቻ ከሆነ 32፣ እንደ እኔ ትንሽ ሳውንድ ካርድ (ከኮምፒውተር ጋር የሚሰካ የድምፅ መሣሪያ) ካላችሁ 80፣ አምፕ (ማጉያ) ከሌላችሁ 250ን እርሱት።

ስለ አገጣጠም ደግሞ ይህን ሞክሩ። ሙዚቃ ከፍታችሁ ከትራሱ ሥር አንድ ጣት አስገቡ። ቤዙ በአንዴ ይጠፋል፣ ድምፁም ቆርቆሮ ይሆናል። ዝግ ሄድፎን ላይ ቤዙን የሚይዘው ያ መገጣጠም ነው፣ ትንሽ ክፍተት ካለ ስንት ዶላር ብታወጡ ዋጋ የለውም። መነጽር የምታደርጉ፣ እግሩ ወፍራም የሆነውን ሳይሆን ስሱን አድርጋችሁ ሞክሩ። ፀጉራችሁ የተጎነጎነ ከሆነም እንደዚያው። ሱቅ ገብታችሁ ሳትሞክሩ አትግዙ የምለው ለድምፁ ብቻ አይደለም፣ ለጭንቅላታችሁ ቅርጽ ነው። ኮፒ የበዛበት ገበያ ስለሆነም ካርቶኑን ሳይሆን ድምፁን አምኑ፣ ከተቻለ የምታውቁትን ቅጂ ስልክ ላይ ጭናችሁ ሂዱ።

የጓደኛዬ ክፍት ሄድፎን አሁንም ከዚህ ይሰፋል፣ ያንን አልደብቃችሁም። እዚያ ጣሪያው ራሱ የተነሳ ነው የሚመስለው። ግን ያኛው ጠዋት ከግንባታው ጋር አይኖርም፣ ማታም እህቴን ያስነሳል።

እሷም ወዳዋለች ልበል? ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ ጥናቷን ታደርግበታለች፣ ሳልጠየቅ። ሹሩባ የተሠራች ቀን ብቻ ነው በሰላም የሚመለስልኝ፦ «እንካ፣ ዛሬ ቤዙ ጠፍቷል» ብላ።