እናታችንን በክብር ላስጎበኘችልን የቤጂንግ አስጎብኚ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ባለፈው ሰኔ ታናሽ እህቴ ቤጂንግ ውስጥ በሁለተኛ ዲግሪ ስትመረቅ ለማየት እናታችንን ይዤ ተጉዤ ነበር። ከምርቃቱ በኋላ በቀሩን ጥቂት ቀናት ከተማዋን ያስጎበኘችንን ሴት በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። ወደ ቤጂንግ ለመሄድ የምታስቡ፣ በተለይም ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትጓዙ ወገኖቼ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እሷን ከማግኘታችን በፊት የደረሰብንን ሳልናገር የዋለችልንን ውለታ ማስረዳት አልችልም። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አስጎብኚ ድርጅት ስድስት ታላላቅ ቦታዎችን በአንድ ቀን እንደሚያሳየን ቃል ገብቶ ገንዘባችንን ቀድሞ ተቀበለ። ጠዋት ከሆቴል አውጥቶ በመጀመሪያ የወሰደን ግን ወደ ጄድ ድንጋይ መሸጫ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሐር ብርድ ልብስ መደብር፣ ከዚያም ሻይ እያቀመሱ ወደሚሸጡበት ቤት። ምንም ሳንገዛ በወጣን ቁጥር የሰውዬው ፊት እየጠቆረ ሄደ። ከቀትር በኋላ የተከለከለው ከተማ ወደሚባለው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ስንደርስ ደግሞ ትኬት አልተያዘልንም። የዚያ ቦታ መግቢያ አስቀድሞ በፓስፖርት ቁጥር የሚያዝ መሆኑን ከእኛ ይልቅ እሱ ሊያውቅ ይገባው ነበር። ከውጭ አቁሞ ቀዩን ግንብ ካሳየን በኋላ «ይኸው፣ አይታችኋል» አለን። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ በዚያ ሙቀት መቆም አቅቷት «ልጄ፣ ምርቃቱን አይተናል፤ ይበቃናል፤ አገራችን እንግባ» ስትለኝ የተሰማኝ ምሬት እስካሁን አልወጣልኝም። ገንዘባችን እንዲመለስ የላክነው መልእክትም መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ይህችን አስጎብኚ የጠቆመችን የእህቴ የክፍል ጓደኛ ናት። በዚያው ምሽት ሆቴላችን ድረስ መጣች። የቦታ ዝርዝር ታወጣለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ግን እናቴ አጠገብ ተቀምጣ፣ በእህቴ አስተርጓሚነት፣ «እናታችሁ በሕይወታቸው ምን ሲሠሩ ኖሩ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ጎጃም ውስጥ በእርሻ ተወልዳ በእርሻ እንዳደገች፣ ዝናብ የዘገየ ዓመት አገሩ ሁሉ ምሕላ ይይዝ እንደነበር፣ እኛንም ያሳደገችን ከዚያው ከመሬቱ በተገኘው እህል መሆኑን ነገረቻት። አስጎብኚዋ ሰምታ ስትጨርስ ወረቀት አውጥታ ከሁሉም በላይ የሰማይ ቤተ መቅደስን ጻፈች። ቀጥሎ ታላቁን ግንብ፣ ቀጥሎ የተከለከለውን ከተማ ጻፈችና እኛ «ይህስ? ያስ?» እያልን የጠየቅናትን ሌሎች ቦታዎች ምክንያቱን እያስረዳች አንድ በአንድ አስቀረች። ብዙ ቦታ ቢጎበኝ ክፍያዋ የሚጨምር ባለሙያ በገዛ እጇ ሥራዋን ስትቀንስ ማየቴ በጣም አስደነቀኝ።

የሰማይ ቤተ መቅደስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1420፣ በንጉሠ ነገሥት ዮንግሌ ዘመን የታነጸ ሲሆን፣ የሚንግና የቺንግ ሥርወ መንግሥታት ነገሥታት አዝመራ እንዲሰምር የሚጸልዩበት ቦታ ነበር። ሦስት እርከን ባለው ነጭ እብነ በረድ ላይ የቆመው ክብ አዳራሽ 38 ሜትር ከፍታ አለው፤ በ1889 መብረቅ አቃጥሎት እንደገና የተሠራ ቢሆንም እንጨቱ ያለ ምስማር እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። አስጎብኚያችን በሩ ላይ አቁማ ምሰሶዎቹን አስቆጠረችን፤ የመካከሎቹ 4 የዓመቱን ወቅቶች፣ በዙሪያቸው ያሉት 12 ወራቱን፣ የዳሮቹ 12 ደግሞ የቀንና የሌሊቱን ክፍላተ ሰዓት ይወክላሉ። ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ ለጸሎት ከመቅረቡ በፊት ከሥጋና ከመጠጥ ተከልክሎ ይጾም እንደነበር፣ የሚጾምበት ቤትም እዚያው ግቢ ውስጥ እንዳለ ነገረችን። የሰኔን ጾም ይዛ የነበረችው እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችና «ንጉሥ ከሆነማ ለገበሬው ሊጾምለት ይገባል» አለች። አስጎብኚዋ ንግግሩ ሲተረጎምላት እንባዋ መጣ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በራሴ መርጬ ቢሆን ኖሮ ይህን ቦታ መጨረሻ ላይ አደርገው ነበር።

እናቴ ከግቢው ቶሎ መውጣት አልፈለገችም። በረጅሙ ሰገነት ሥር ካርታ የሚጫወቱና የሚያንጎራጉሩ አረጋውያን ነበሩ፤ አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላትና አብራቸው ተቀመጠች። አስጎብኚዋ ሰዓቷን አላየችም፤ ከሰዓት በኋላ ልታሳየን ያሰበችውን የኦሊምፒክ ስታዲየም ወዲያው ሰርዛ «እሱን ከመኪና ሆናችሁ ታዩታላችሁ፤ እናታችሁን አታስነሡ» አለችን። ከመሄዳችንም በፊት ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ እንደማትበላ በቻይንኛ ወረቀት ላይ ጽፋ ለእናቴ ሰጠቻት፤ እናቴም በየምግብ ቤቱ ያንን እያሳየች ጾሟን ሳትፈታ ሰነበተች።

ለታላቁ ግንብም ቢሆን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ባዳሊንግ የሚባለውን ክፍል ትታ ሙቲያንዩ የሚባለውን መረጠችልን። ከከተማዋ በስተ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ ሲሆን ከባዳሊንግ ይልቅ ሰው ይቀንስበታል፤ ኬብል ካር ስላለውም እናቴ ደረጃውን ሳትወጣ ግንቡ ላይ ደረሰች። የሄድነው በሥራ ቀን፣ በማለዳ፣ የቱሪስት አውቶቡሶች ሳይመጡ ነው። አስጎብኚዋ ይዛው በመጣችው ተጣጣፊ በርጩማ ላይ እናቴ አረፍ ብላ ተራራውን እያየች ስታመሰግን እኔና እህቴ እስከሚቀጥሉት ማማዎች ሄደን ተመለስን።

የተከለከለውን ከተማ ትኬት እንዴት እንዳገኘችልን አሁንም አልገባኝም። ትኬቱ የሚለቀቀው ከሰባት ቀን በፊት በመሆኑ እኛ በጠየቅንበት ጊዜ አልቆ ነበር፤ እሷ ግን ሰዎች የሚሰርዙትን እየጠበቀች፣ በየመሀሉ ስልኳን እየነካካች ቆይታ ከመመለሻችን በፊት ለሁላችንም አገኘችልን። ከ1406 እስከ 1420 ተሠርቶ 24 ነገሥታት የኖሩበት ይህ ግቢ 72 ሄክታር ስፋት አለው፤ ከደቡቡ በር ተገብቶ አብዛኛው ሰው በሰሜኑ የሚወጣ በመሆኑ ደክሞኛል ብሎ ከመሀል መመለስ ይከብዳል። ስለዚህ የጎን ክፍሎቹን ትተን በመካከለኛው መስመር ብቻ፣ ጥላ ባለበት እያረፍን አለፍን። እናቴ ያን ግንብ ከውጭ ቆማ ያየችበት ቀን በውስጡ በተራመደችበት ቀን ተካሰ።

የበጋውን ቤተ መንግሥት አላየንም፤ አልቆጨንምም። ጤነኛ ጉልበትና ተጨማሪ ቀን ያላችሁ ግን በአራተኛ ደረጃ ያዙት። በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ካቃጠለው በኋላ እንደገና የታነጸ ሲሆን፣ በሐይቁ ዳር 728 ሜትር የሚረዝም በሥዕል ያሸበረቀ መተላለፊያ አለው። አንድ ቀን ብቻ ያላችሁ ደግሞ ግንቡን ወይም የተከለከለውን ከተማ ምረጡ እንጂ ሁለቱንም በአንድ ቀን አሳያችኋለሁ የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ወገኖቼ፣ ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፤ ወላጆቻችሁን በእሷ እጅ አደራ ብትሰጡ አታፍሩም። ወደ አንድም ሱቅ አላስገባችንም፤ ከተስማማንበት ዋጋ በላይ አንድ ዩዋን አልጠየቀችም፤ እናቴንም እንደ እናቷ ደግፋ አስጎብኝታለች። እህቴ «ውለታዋን በምን እንመልሳለን?» ስትለኝ ያሰብኩት ይህንን ጽሑፍ ነው። ስሟንና አድራሻዋን እዚህ ማውጣት ተገቢ ስላልመሰለኝ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉላት የጉዞ ቀናችሁን፣ አብሯችሁ የሚጓዘውን ሰው ዕድሜና የጤና ሁኔታ አስቀድማችሁ ንገሯት። ከጉብኝቱ ቀን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ብታገኟት ትኬቱን በጊዜው ትይዛለች። የተከለከለው ከተማ ሰኞ ሰኞ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፤ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ያለው የቻይናውያን የበዓል ሳምንትም በየቦታው ሰው የሚጨናነቅበት ስለሆነ ከተቻላችሁ ጉዟችሁን ከዚያ አርቁት።